«ምስጢር» ሲባል የሚሰረቀው ላብ

ከማያሚ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ፍሎሪዳ የሚወርደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሆምስቴድ ከተባለችው ከተማ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር በትላልቅ ግራጫ ድንጋዮች የታጠረ ግቢ ያገኛል። የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ዙሪያውን ሁሉ ድንጋይ ይቀበለዋል። ከድንጋይ የተጠረበች ጨረቃ ከግንቡ አናት ላይ ተቀምጣለች፤ ፈለኮች ከአጠገቧ ቆመዋል፤ ሰው ሲቀመጥባቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዙ የድንጋይ ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ጠረጴዛ በልብ፣ ሌላው በፍሎሪዳ ካርታ ቅርጽ ተሠርቷል፤ አንድ ረጅም ዐምድ ደግሞ በአናቱ ባለው ቀዳዳ በኩል የሰሜንን ኮከብ ያሳያል። የአገሩ ሰው ይህን ቦታ «የኮራል ግንብ» ይለዋል።

ወደዚህ ግቢ ከሚገቡት መካከል ድንጋዩን ለማየት ሳይሆን ለመዳሰስ የሚመጡ አሉ። መዳፋቸውን ከግንቡ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከድንጋዩ ወደ ሰውነታቸው የሚፈስ መንፈሳዊ ኃይል ይጠብቃሉ። በእነርሱ እምነት ይህ ቦታ መላዋን ምድር የሚያያይዘው የኃይል መረብ ከሚቋጠርባቸው ነጥቦች አንዱ ነው። ድንጋዮቹ በዜማ ተነሥተው በአየር ተንሳፈፉ የሚሉ አሉ፤ የማግኔት ምስጢር አነሣቸው የሚሉ አሉ፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ረዱ የሚሉም አልጠፉም። ይህን የሚያስተጋቡ መጻሕፍት ታትመዋል፤ የቴሌቪዥን ፊልሞችም ተሠርተዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የማይባለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ግቢውን የሠራው አንድ ድሃ ስደተኛ፣ በሁለት እጁ፣ በግንድና በሰንሰለት፣ በ28 ዓመት ልፋት መሆኑ ነው። ይህ ተረስቶ የቀረ ነገር አይደለም፤ ፎቶግራፉ አለ፤ መሣሪያው አለ፤ ድንጋዩ በመንገድ ሲያልፍ ያየ ጎረቤትም ነበረ። እያለ የተካደ ነው። ክርክሩም እዚህ ላይ ነው፤ «ምስጢር» የሚለው ቃል ያልታወቀውን የማወቅ ጉጉት መግለጫ መሆኑ ቀርቶ፣ የታወቀውን ሠራተኛ ከሥራው ማፈናቀያ ሆኗል።

ግማሽ ኩንታል የማይሞላው ሰው

ኤድዋርድ ሊድስካልኒን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ዛሬ ላትቪያ በምትባለው አገር ተወለደ። (ስለ ውጭ አገር በሚነገርበት ሁሉ ዓመቶቹ በዚሁ አቆጣጠር ተጽፈዋል።) በወጣትነቱ ሊያገባት የነበረችው ልጃገረድ ሠርጋቸው ሲቃረብ ትታው እንደ ቀረች፣ እርሱም በ1912 ገደማ ወደ ሰሜን አሜሪካ እንደ ተሰደደ ይነገራል። በዚያም በግንድ ቆራጮች ሠፈር ተቀጥሮ ሠርቷል። የግንድ ቆረጣ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው የታሪኩ ግማሽ ቁልፍ እዚህ ላይ ይገኛል፤ በዚያ ሠፈር ሠራተኛው በየቀኑ የሚታገለው ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ከሚበልጥ ግንድ ጋር ነውና። ግንዱንም የሚረታው በጡንቻው ብቻ ሳይሆን በማንሻ ዘንግ፣ በገመድ፣ በመዘውርና በሰንሰለት ነው።

ሳንባው በታመመ ጊዜ ሞቃት አየር ፍለጋ ወደ ፍሎሪዳ ወረደ። ፍሎሪዳ ሲቲ በምትባለው ቦታ ቁራሽ መሬት ገዝቶ፣ ከ1923 ገደማ ጀምሮ፣ ከአፈሩ ሥር የተንጣለለውን የኖራ ድንጋይ እየፈነቀለ ይጠርብ ጀመር። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ክብደቱም 45 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ማለት ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ነበር። ትምህርቱ ጥቂት፣ ሀብቱም ከዚያ ያነሰ ነበር። መሣሪያዎቹን ከወዳደቀ ብረትና ከአሮጌ መኪና ዕቃ ራሱ ሠራቸው።

በ1936 ደግሞ እስከዚያ ጊዜ የሠራውን ሁሉ ነቅሎ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ለማጓዝ ቆረጠ። ድንጋዮቹን በአሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እየጫነ፣ ትራክተር ያለው ሰው ቀጥሮ እያስጎተተ፣ በዚያው አውራ ጎዳና አመላለሳቸው። ሥራው ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። አዲሱ ግቢ ከቆመ በኋላ ከድንጋይ በሠራው ማማ ላይ ብቻውን እየኖረ፣ በመጀመሪያ አሥር ሳንቲም፣ በኋላም ሃያ አምስት ሳንቲም እያስከፈለ ጎብኚዎችን ያስገባ ነበር። በ1951 ታሞ ማያሚ ከሚገኝ ሆስፒታል ገባ፤ በዚያውም በ64 ዓመቱ ሞተ።

ይህ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ነው። በውስጡ ስደት፣ ሕመም፣ ብቸኝነትና ጽናት አለ። የጎደለው ከሰማይ የወረደ እንግዳ ብቻ ነው። «ምስጢር» ነጋዴው ግን ይህን ሁሉ ትቶ የጎደለውን ሊያሟላ ይነሣል።

በቀን አንድ ኩንታል

የምስጢር አማኞች ዋነኛ ማስረጃ የድንጋዩ ክብደት ነው። በግቢው ውስጥ ያለው ድንጋይ በጠቅላላው አንድ ሺህ ቶን ያህል እንደሚመዝን ይገመታል፤ ከሁሉ የሚከብደውም 27 ቶን ይደርሳል ይባላል። «ይህን አንድ ቀጭን ሰው እንዴት ያነሣዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልስ ሳይጠብቁም «ስለዚህ ሌላ ኃይል አለ» ብለው ይደመድማሉ።

ጥያቄው መልካም ነው፤ ክፋቱ ለመልሱ አለመትጋት ነው። እስቲ አንድ ሺህ ቶን ለ28 ዓመት ይከፈል። በዓመት ወደ 36 ቶን ይመጣል። ይህም ለ365 ቀን ሲከፈል በቀን አንድ መቶ ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለት አንድ ኩንታል ይሆናል። በቀን አንድ ኩንታል! በየገበያው ያለ ተሸካሚ ከረፋድ በፊት ብዙ ኩንታል አራግፎ ወደ ሌላ መኪና ይሸጋገራል። የእርሱን ጀርባ የኃይል መረብ ቋጠሮ ነው ብሎ ሊዳስሰው የመጣ ጎብኚ እስከ ዛሬ አልታየም።

«ስሌቱ አያሳምንም፤ 27 ቶን በአንድ ጊዜ እንጂ በየቀኑ ተቆራርሶ አይነሣም» የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። እውነቱን ነው። ስሌቱ የሚያሳየው ጠቅላላው ሥራ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ አለመሆኑን ነው። አንዱን ትልቅ ድንጋይ የሚያነሣው ደግሞ መዘውርና ሰንሰለት ነው። ሊድስካልኒን ሲሠራ የተነሡት ፎቶግራፎች አናታቸው ላይ የታሰሩ ሦስት ረጃጅም ግንዶችን፣ ከግንዶቹ አናት ላይ የተንጠለጠለ የሰንሰለት ማንሻን፣ ከሥሩም የተያዘ ድንጋይን ያሳያሉ። በማንኛውም ጋራዥ አንድ መካኒክ የጭነት መኪና ሞተር ብቻውን የሚያወጣው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። የመዘውር ሕግም ግልጽ ነው፤ በጉልበት የተረፈው በርቀት ይከፈላል። ድንጋዩ አንዲት ጣት ያህል ከፍ እንዲል ሠራተኛው ብዙ ክንድ ሰንሰለት ይስባል። ድንጋዩ ከተነሣ በኋላ ከሥሩ እንጨት ይገባል፤ ሠራተኛው ጥቂት አርፎ እንደገና ይስባል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ሊድስካልኒንም ከጊዜ በቀር ሌላ ሀብት አልነበረውም።

የድንጋዩም ጠባይ ረድቶታል። ስሙ ኮራል ይባል እንጂ በአመዛኙ ኦላይት የተባለው የኖራ ድንጋይ ዓይነት ነው። ይህ ድንጋይ ከመሬት አዲስ ሲወጣ ለመጋዝና ለሽብልቅ የሚመች ሲሆን አየር ሲያገኘው ደግሞ ይጠነክራል። ሊድስካልኒን ይህን ያወቀው በራእይ ሳይሆን በልምድ ነው።

እዚህ ላይ የአማኞቹ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በፎቶግራፉ ላይ፣ ከሦስቱ ግንዶች አናት፣ አንዲት ሣጥን መሰል ነገር ትታያለች። እነርሱም ግንዶቹን ትተው፣ ሰንሰለቱን ትተው፣ ከሰንሰለቱ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ትተው፣ «የኃይሉ ምንጭ በዚያች ሣጥን ውስጥ ነው» ይላሉ። ዓይን ባለበት የማያይ ሰው የሚፈልገው ማስረጃ ሳይሆን መሸሸጊያ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነው።

በሩ በተበላሸ ጊዜ

በግቢው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሰውን ሲያስደንቅ የኖረው ዘጠኝ ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው የድንጋይ በር ነው። ይህ በር በአንድ ሕፃን ጣት ሲገፋ ይሽከረከር ነበር። «እነሆ ማስረጃው» ይባል ነበር፤ «ድንጋዩ ክብደቱን አጥቷል» ይባል ነበር።

በ1986 በሩ መሽከርከሩን አቆመ። ሊጠግኑት የመጡት ሠራተኞች በትልቅ ክሬን አንሥተው ሲመለከቱት ምስጢሩ ተገለጠ። ሊድስካልኒን ድንጋዩን ከአናቱ እስከ ግርጌው በቀጥታ በስቶታል፤ በቀዳዳውም የብረት ዘንግ አሳልፏል፤ ዘንጉንም ከአሮጌ የጭነት መኪና በወጣ ኩሽኔታ ላይ አስቀምጦታል። ኩሽኔታው ዝጎ ነበር። የዘጠኝ ቶኑ በር ምስጢር ይኸው ነው።

በሩ ከተጠገነ በኋላ እንደ ዱሮው በጣት የሚገፋ አልሆነም፤ በ2005ም እንደገና ተበላሽቷል። የምስጢር ነጋዴዎች ይህንንም ለራሳቸው ጥቅም አውለውት፣ «ክሬንና መሐንዲስ ያልቻለውን እርሱ እንዴት ቻለ?» ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፤ ሥራውን ከእነርሱ ይልቅ ያውቅ ነበር። ቅርጹ ያልተስተካከለ ድንጋይ ሚዛኑ የሚገኝበትን ቦታ ለይቶ፣ በዚያው ነጥብ ላይ ከላይ እስከ ታች ሳያዛንፍ መብሳት ትልቅ ጥበብ ነው። ዓመታት ሙሉ ድንጋይ የዳሰሰ እጅ የሚያውቀውን፣ ድንጋዩን ለአንድ ሳምንት ያየ መሐንዲስ ላያውቀው ይችላል። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ አድናቆቱ ግን ለሠራተኛው ይገባል። ከሠራተኛው ላይ አንሥቶ ለማይታይ ኃይል መስጠት የሰውን ደመወዝ ለሌላ እንደ መክፈል ነው።

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር ሌላ ዓይነት «ምስጢር»ም እንዳለ አይካድም። በኦሬጎን ግዛት፣ ጎልድ ሂል በምትባለው ቦታ አጠገብ፣ ከ1930 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዘመመ የእንጨት ቤት አለ። ወርቅ ለመመርመር በ1904 ተሠርቶ በኋላ ከመሠረቱ የተንሸራተተ ቤት ነው። በውስጡ የቆመ ሰው አንዴ አጥሮ አንዴ ረዝሞ ይታያል፤ ኳስም ወደ ላይ የሚንከባለል ይመስላል። የቦታው ዝና «አዙሪት» በተባለ ኃይል ላይ የተመሠረተ ነው። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ወለሉም ግድግዳውም ዘሞ ትክክለኛው አድማስ ሲሰወር ዓይን ይታለላል። በዚያ ቤት የሚሰረቅ ላብ የለም፤ ሰው ለመታለል ከፍሎ፣ ተታሎ፣ ስቆ ይወጣል። የኮራል ግንብ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። በዚህኛው የሚታየው የዓይን ስሕተት ሳይሆን እውነተኛ ሥራ ነውና፤ እውነተኛውን ሥራ ወደ ማታለያ ቤት ደረጃ ማውረድ ደግሞ ንቀት ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንዲሉ፣ ሊድስካልኒን የታወቀ መሐንዲስ ወይም ባለጸጋ ቢሆን ኖሮ «ማን ረዳው?» ብሎ የሚጠይቅ ባልተገኘ ነበር።

የሌሊቱ ነገር

አማኞቹ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ እርሱንም ሳይመልሱ ማለፍ አይገባም። ሊድስካልኒን ሰው እያየው መሥራት አይወድም ነበር። ብዙውን ጊዜ ሌሊት በፋኖስ ይሠራ ነበር፤ ሰው ሲመጣበትም ሥራውን ያቆም ነበር። የፒራሚድ ሠሪዎችን ምስጢር ደርሼበታለሁ ይል ነበር። በ1945ም ስለ ማግኔት የራሱን አስተሳሰብ የሚገልጽ አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሟል፤ አስተሳሰቡንም የፊዚክስ ሊቃውንት አይቀበሉትም። «እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ ምስጢር ነው ካለ እናንተ ምን አግብቷችሁ ትክዳላችሁ?» ይላሉ።

ለዚህ ሁለት መልስ አለ። የመጀመሪያው፣ እጀ ጠቢብ የሙያውን ብልሃት መደበቁ በየትኛውም አገር የኖረ ልማድ መሆኑ ነው። አንጥረኛ የብረት አጠጣጡን፣ ቀለም ነካሪ የቅመሙን ልክ፣ ሸክላ ሠሪ የአፈሯን ቦታ ለጎረቤት አይናገሩም። ብልሃታቸው ብቸኛ ርስታቸው ነውና። በሃያ አምስት ሳንቲም መግቢያ የሚተዳደር ብቸኛ ሽማግሌ «ምስጢር አለኝ» ቢል ርስቱን አጠረ እንጂ ተአምር አላወጀም። ፍሎሪዳም በቀን እንደ እሳት የምትፋጅ አገር በመሆኗ፣ ሌሊት መሥራት ድንጋይ ለሚሸከም ሰው ጤና ነው።

ሁለተኛው መልስ፣ ሠራተኛ ስለ ሥራው የተናገረው ሁሉ እውነት መሆን የለበትም የሚለው ነው። ስለ ማግኔት የጻፈው ሊሳሳት ይችላል፤ ዘንጉና ኩሽኔታው ግን አልተሳሳቱም። ደግሞም ሲጠየቅ የክብደትንና የማንሻ ዘንግን ሕግ በሚገባ አውቃለሁ ማለቱም ተመዝግቧል። አማኞቹ ከሁለቱ ንግግሮቹ አንዱን መርጠው ሌላውን ጥለውታል። የጣሉትም በመሣሪያው የተረጋገጠውን ነው።

የሌሊቱ ነገር ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሌላ ነገር ያስታውሳል።

በአገር ቤትስ?

ስለ ኮራል ግንብ ሲነገር «የአሜሪካኖች ቅብጠት» ብሎ ስቆ ማለፍ ቀላል ነው። ሳቁ ግን ከደጃፍ ይመለሳል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣውን፣ ሸክላ ጠፍጥፋ ምጣድ የምትጋግረውን፣ ቆዳ ፍቆ መጫኛ የሚያበጀውን እጀ ጠቢብ «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል» ሲል የኖረ ኅብረተሰብ በዚህ ጉዳይ ላይ ንጹሕ ፈራጅ ሊሆን አይችልም። አስተሳሰቡ አንድ ነው። በፍሎሪዳም በአገር ቤትም አንድ ሰው ሌላው የማይችለውን በእጁ ሲሠራ ታየ፤ ያየውም ሰው ጥበቡን ከመማር ይልቅ «ከእጁ አይደለም፤ ከመንፈስ ነው» አለ። ልዩነቱ የዋጋው ነው። በፍሎሪዳ ስሙ ቲኬት መሸጫ ሆነ፤ በአገር ቤት ደግሞ መገለያ። በሰሜን ኢትዮጵያ የኖሩት የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ማረሻውን ሠርተው ርስት ተከለከሉ፤ ምጣዱን ሠርተው ቡዳ ተባሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እጀ ጠቢብን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የተደረሰውም ነውሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል። አዋጁ ወጣ፤ አስተሳሰቡ ግን በአዋጅ ብቻ የሚነቀል አልነበረም።

የዚሁ አስተሳሰብ ሌላው ገጽ በታላላቆቹ ቅርሶች ላይ ይታያል። የጎንደርን ግንቦች አይቶ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚል አለ፤ የአክሱምን ሐውልት አይቶ «ይህ የሰው ሥራ አይደለም» የሚል አለ። ዛሬ ደግሞ የኮራል ግንብን የኃይል መረብ ያመጡት ዓይነት ሰዎች መረባቸውን ወደ አክሱምና ወደ ላሊበላ ዘርግተዋል።

በአክሱም ከወደቀው ከትልቁ ሐውልት አጠገብ የቆመ ሰው መደነቁ አይፈረድበትም። ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ነገር ግን ከከተማው በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎቦ ዱራ የድንጋይ ካባ ቢሄድ መልሱን ያገኛል። በዚያ ዐለት ላይ የሽብልቅ ጉድጓዶች በሰልፍ ተደርድረው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከዐለቱ ሳይላቀቅ የቀረ ድንጋይም አለ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ፊት አንድ ሰው ተንበርክኮ ነበር፤ መሮ ነበረው፤ መዶሻ ነበረው፤ ምሳው ምን እንደ ነበረ፣ ስሙ ማን እንደ ነበረ የጻፈለት ግን የለም። በፋሽስት ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና ሲቆም፣ መሐንዲሶቹ በዓለም ዜና ተነግሮላቸዋል። መጀመሪያ ያቆሙት ግን ስም አልባ ቀርተዋል። በዚህ ላይ «ሰው አልሠራውም» ብሎ መጨመር ስም ብቻ ሳይሆን መኖራቸውንም መንጠቅ ነው።

ላሊበላን በሚመለከት አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት አለበት። በጥንቱ ትውፊት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ቀን ቀን ሰዎች፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ መላእክት ይሠሩ ነበር ይባላል። ይህ የእምነት ነገር ነው፤ በዚህ ክርክር የሚዳኝም አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ትውፊቱ ራሱ ለጠራቢው ቀኑን እንደ ተወለት ነው። አባቶች ሥራውን ሲያከብሩ ሠራተኛውን አልሠረዙም፤ መልአኩን ከጠራቢው አጠገብ አቆሙት እንጂ በጠራቢው ቦታ አልተኩትም። የዛሬው የምስጢር ነጋዴ ግን ሌሊቱንም ቀኑንም ወስዶ ለጠራቢው አንዲት ሰዓት እንኳ አልተወለትም። የመሮው ጠባሳ ከግድግዳው ላይ ሳይጠፋ «ኃይል» ይላል። ከአባቶች እምነት ይልቅ የእርሱ «ሳይንስ» ለሠራተኛው ንፉግ ነው።

ምን ጉዳት አለው?

«ሰው ድንጋይ ዳስሶ ሰላም ቢያገኝ ማንን ይጎዳል?» የሚሉ የዋሃን አሉ። ከአውራ ጎዳና ጫጫታ ወጥቶ አንድ ሰው ዕድሜውን ባፈሰሰበት የድንጋይ ግቢ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ልቡ ቢረጋ አያስገርምም። ያ ሰላም እውነተኛ ነው። ግን ምንጩ የምድር መረብ አይደለም። የሌላ ሰው ትዕግሥት በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ሲታይ የሚሰማ አክብሮት ነው። ያን አክብሮት ለባለቤቱ ቢሰጡት ምን ይጎድልባቸዋል?

ጉዳቱ ከጎብኚው ጋር ከሚሄደው ልጅ ላይ ነው። ልጁ ከዘጠኝ ቶኑ በር ፊት ቆሞ «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የትምህርት ሁሉ መነሻ ነው። «ኩሽኔታ ነው፤ ና ላሳይህ» የተባለ ልጅ ቤቱ ሲመለስ አንድ ነገር ሊፈታ፣ አንድ ነገርም ሊገጥም ይሞክራል። «ምስጢር ነው» የተባለው ልጅ ግን ጥያቄውን ከደጃፍ ጥሎ ይመለሳል። ከዚያም የከፋ ነገር ይማራል፤ ድሃ፣ ያልተማረ፣ ቀጭን ሰው በራሱ እጅ ታላቅ ነገር ሊሠራ አይችልም ማለትን። የጎንደር ልጅ «የእናንተ አይደለም»፣ የአክሱም ልጅ «የሰው አይደለም» ሲባል የሚማረው ይህንኑ ነው። አያቶቹ ካልቻሉ እርሱ ስለ ምን ይሞክራል?

የባህል ካድሬው፣ መምህሩና ከያኒው በዚህ ጉዳይ ተመልካች ሊሆኑ የማይችሉትም ስለዚህ ነው። በየሙዚየሙ ማሰሮው፣ ማረሻው፣ መስቀሉና ሸማው በመስታወት ውስጥ ተቀምጠው «ዘመን፣ ቦታ» ተብሎ ይጻፍላቸዋል፤ ማን በምን መሣሪያ፣ በስንት ቀን እንደ ሠራቸው ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። ወናፉ ከማረሻው አጠገብ፣ መሮው ከድንጋዩ አጠገብ ይቀመጥ። በሕይወት ያለው ድንጋይ ጠራቢ፣ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ሳይሞት ብልሃቱ ከአፉ ይጻፍ፤ ስሙም ከብልሃቱ ጋር ይቀመጥ። መምህሩ የመዘውርን ሕግ ሲያስተምር ከሰሌዳው በፊት ጋራዡን ያሳይ፤ ከአክሱም ሐውልት በፊት የጎቦ ዱራን ካባ ያስጎብኝ። ሠዓሊውም ሐውልቱን በብርሃን ጨረር ከብቦ ከመሳል ይልቅ ከሥሩ የተንበረከከውን ሰው ይፈልግ፤ ከጨረሩ ይልቅ ሰውዬው ለመሳል ይከብዳልና፣ የጥበቡ መፈተኛ እርሱ ነው።

በኮራል ግንብ ውስጥ ሊድስካልኒን የተጠቀመባቸው ዕቃዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ሰንሰለት አለ፤ መዘውር አለ፤ ከመኪና ብረት የተበጁ ሽብልቆች አሉ። ማንም ሊያያቸው ይችላል። ኃይል ፍለጋ የመጣው ጎብኚ ግን ብዙውን ጊዜ በአጠገባቸው አልፎ፣ መዳፉን ከግንቡ ላይ ለማሳረፍ ይቸኩላል። የፈለገው ኃይል በዚያ በዛገው ሰንሰለት ውስጥ አልፏል፤ ሰንሰለቱን ደግሞ 45 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሰው ይስበው ነበር።